የሁለት ከተማ ሽርሽር በሑዳዴ

ማክሰኞ፣ የካቲት 28 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ይህን ደብተር ከፍራሽ ሥር አውጥተህ ለምታነብ ጓድ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዳትደክም ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርህ። እኔ አካሉ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የቀበሌው መፈክር ጸሐፊ፣ ጎንደር ለሽርሽር ልሄድ አስቤአለሁ። ብቻዬን፣ በአነስተኛ ባጀት። ደብተሩ የጉዞ ዕቅድ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሰው በሑዳዴ መግቢያ ሽርሽር አያስብም ትል ይሆናል። ልክ ነህ። ታናሽ ወንድሜ ገብረ መስቀል ጎንደር ታስሯል። ለትምህርት ሄዶ ሳለ ጥር ላይ ከማደሪያው ወሰዱት። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ቤታችንን የፈተሻችሁት እናንተ ናችሁ። የሟቹን አባቴን ዳዊት ገልብጣችሁ ስታራግፉት አንድ ደረቅ ቅጠል ወደቀ። ቅጠሉን ጠርጥራችሁ ይዛችሁት ሄዳችሁ። እስካሁን አልተፈታም።

እስረኛ ለመጠየቅ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም። ለሽርሽር አይሰጥም የሚል መመሪያ ግን አልወጣም። ሽርሽር የሚሄድ ሰው ስለጠፋ ረስተውት ይሆናል።


ሰኞ፣ መጋቢት 4

እትዬ መዲና ዛሬ ተመለሱ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ። በየሳምንቱ ጎንደር ገበያ ደርሰው ሰኞ ይመለሳሉ፤ የነጋዴ ይለፍ አላቸው። እናቴ የምታዘጋጀውን ስንቅ በአገልግል ይዘውላት ይሄዳሉ። እስር ቤቱ በር ላይ የገብረ መስቀልን ስም ጠርተው ይሰጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን አገልግል ይቀበላሉ። ፊቱን አያዩም። ወረቀት አይገባም፣ አይወጣም። አገልግሉ ባዶውን ከወጣ ልጁ አለ ማለት ነው፤ ሌላ የሚነግረን የለም።

እናቴ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን በጣቷ ዳበሰችው።

«ፍርፋሪ እንኳ አላስተረፈ» አለች።

«ልጅሽ አንበጣ ነው፣ ወለተ ኪዳን» አሉ እትዬ መዲና። «አገልግሉን ራሱን አለመብላቱን አመስግኚ።»

«የፍየል ቆዳ ነዋ። ጾም ነው፣ እንዴት ይበላዋል?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን በሌላ ነገር። ገብረ መስቀልና ጾም የተኮራረፉት እሱ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው። አንድ ዓርብ ከሉካንዳው ጀርባ ጥብስ ሲበላ ደረስሁበት። «ሳይንስ ነው» አለኝ፣ አፉ እንደ ሞላ። እናቴ አታውቅም። ማንም አልነገራትም፤ እኔም ከማንም አንዱ ነኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ቀበሌ ሄጄ ማመልከቻ አስገባሁ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ክንዱ ነው። ልጆች ሳለን የአባቴ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ለቆሎ ተማሪ የሚለመነውን ቁራሽ በአንድ አኮፋዳ ለምነን በልተናል። ውሻ ሲያባርረን ቀድሞ የሚያመልጥ እሱ ነበር። አሁንም ቀድሞናል።

«የጉዞው ዓላማ?»

«ዕረፍት ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«አብዮቱ ያርፋል?»

«አብዮቱስ አያርፍም። ጸሐፊውን ግን ትከሻው አሞታል።»

«ጎንደር ምን አለህ?»

«የነገሥታቱ ግንብ። ፊውዳሎቹ ሕዝቡን ያሸከሙትን ድንጋይ በዓይኔ አይቼ መማረር ፈለግሁ።»

«እዚህ ሆነህ መማረር አትችልም?»

«እችላለሁ። ለመድሁት እንጂ።»

ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየ። ለምን እንደምሄድ ክንዱ ያውቃል። እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። ማመልከቻው ብቻ አያውቅም።

«ይታያል» አለ። በቀበሌ ቋንቋ ይታያል ማለት ዓይናችንን ጨፍነናል ማለት ነው።


ሰኞ፣ መጋቢት 11

ባዶ ተመለሰ። ደኅና። ቸኩያለሁ፣ ለሴቶች ማኅበር የሚሰቀል ጨርቅ ይጠብቀኛል።


ሰኞ፣ መጋቢት 18

ዛሬ እትዬ መዲና አገልግሉን መሬት አላስቀመጡትም። ከእጃቸው ወደ እናቴ እጅ አሳለፉት። የእናቴ ክንድ ወደ ታች ወረደ፤ ከባድ ነበር።

ድርቆሹ እንዳለ ነው። ዳቦ ቆሎው እንዳለ ነው። የበሶው ከረጢት የታሰረበት ክር እንኳ አልተፈታም።

«ምን አሉ?» አልሁ።

«ምንም። አስገቡት። ከሰዓት እንዳለ አወጡት።»

እናቴ ክሩን ይዛ ቆየች። ቆየችና ፊቷ በራ።

«ጾም ይዟል» አለች። «መፃጉዕ ገብቷል እኮ። አባቱስ ቢሆን ከመፃጉዕ ጀምሮ አልነበር እህል የሚቀንስ?»

«እንዲያ ነው እንግዲህ» አሉ እትዬ መዲና፣ እኔን ሳያዩ። «የኛም ሰዎች በረመዳን ቀን አይቀምሱም።»

«ማታ አብረውት ያሉት ያጎርሱታል። አካሉ፣ አይመስልህም?»

«ይመስለኛል» አልሁ።

ዓርብ ጥብስ የሚበላ ልጅ በጥቂት ወር እስር መናኝ ሆነ። አብዮት ሰው ይለውጣል ሲሉ አላምንም ነበር።


ረቡዕ፣ መጋቢት 20

ለዐደባባዩ የሚሆን ረጅም ጨርቅ መጣ። የሚጻፍበት «ቀይ ሽብር ይፋፋም» ነው።

እጄ የተገራው በቁም ጽሕፈት ነው። አባቴ ብራና ላይ ሲያስጽፈኝ ቀይ ቀለም ለአምላክና ለእመቤታችን ስም ነበር የሚነካ፤ ለሌላ ነገር ብነካው በመቃው እጄን ይለኝ ነበር። ዛሬ ቀዩን ቆርቆሮ ሙሉ ጨረስሁት።

ክንዱ መጥቶ አየው። «የመሪጌታ እጅ ነው ያለህ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው።

«አመሰግናለሁ» አልሁ። እኔም ከልቤ ሳልሆን አልቀርም፤ ፊደሉ እውነትም አምሯል። እጄን በነጭ ጋዝ ታጠብሁ። ጋዙ አለቀና ከፊሉ ሳይለቅ ቀረ። እራት ላይ እናቴ እጄን አየችው።


ሰኞ፣ መጋቢት 25

ዛሬም ሙሉ ተመለሰ።

እናቴ አሁን ጾም ነው አላለችም። ከፍ አድርጋዋለች። «ሱባኤ ገብቷል» አለች። አባቴ በየዓመቱ ሐይቁ ውስጥ ደሴት ላይ ካለ ገዳም ገብቶ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ በውኃ ነክሮ፣ ለሰው ሳይታይ ይሰነብት ነበር። ታንኳ ቀዛፊው ምግብ ሲወስድለት እንዳለ ይመልሰዋል። ያኔ ሙሉ ስንቅ ወደ ቤት ሲመለስ እልል ይባል ነበር። እኛ ቤት ያልተበላ ምግብ ክፉ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ ለሴቶቹ ተናገረች። ሰሙና አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ጉልበቷን ሳመች፤ የጻድቅ እናት ናት እንግዲህ።

ማታ አጥር ሥር ቆሜ ሳለ ጎረቤታችን ፀሐይወርቅ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ። «አትንገሯት። ይህንንስ ማን ሰጣት።»

ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ፀሐይወርቅ ብዙ ጉዳይ አለባት።


ሐሙስ፣ መጋቢት 28

ክንዱ አስጠራኝ። ማመልከቻዬን አነበበው መሰለኝ፤ ጣቱ ላይ ቀለሜ ነበር።

«ባሕር ዳርን ጎብኝተህ ጨርሰሃል?»

«ተወልጄባታለሁ።»

«መወለድ መጎብኘት አይደለም። የራሱን ከተማ ሳይጎበኝ የሰው ከተማ የሚያምረው ሰው ጥያቄ ያስነሣል። ማን ነው ያስነሣው እንዳትለኝ፤ ከበላይ ነው። ሁለቱንም ከተማ አካተህ ዕቅድ አቅርብ።»

አቀረብሁ። አንደኛ ከተማ ባሕር ዳር፦ መጓጓዣ እግር፣ ማደሪያ የእናት ቤት፣ ምግብ ጾም። ሁለተኛ ከተማ ጎንደር፦ መጓጓዣ የእህል መኪና ጀርባ፣ ማደሪያ በቁንጫው ስሙ የወጣ አንድ አልቤርጎ፣ ምግብ ከቤት የተያዘ። ከዚህ የረከሰ ሽርሽር የሚያቅድ ቢገኝ መነኩሴ ብቻ ነው። እሱም ይለፍ ያስፈልገዋል።

«ምግብ ከቤት የተያዘ» የሚለው ላይ ክንዱ ብዕሩን አቆመ። ሊሰርዘው ነው ብዬ ጠበቅሁ። አለፈው።


እሑድ፣ ሚያዝያ 1

በዕቅዱ መሠረት ባሕር ዳርን ጎበኘሁ።

በመጀመሪያ ሐይቁን። አለ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ታንኳዎች መጡ፤ ሰዎቹ አወረዱ፤ ሄዱ። ዘምባባዎቹም በተርታ ቆመዋል፣ ሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። ቀጥሎ የዓባይን ድልድይ። እዚያ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ምን ትገተራለህ?»

«እየጎበኘሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ወንዙን።»

«ወንዙን አታውቀውም እንዴ አንተ? የዚህ አገር ሰው አይደለህም?»

«አውቀዋለሁ። በፕሮግራም አላየሁትም ነበር።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ሂድ፣ አባቴ» አለኝ፤ ለበሽተኛ እንደሚባለው፣ በለስላሳ።

ምንም አልተሰማኝም። ጎብኚ ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ምናልባት ይኸው ይሆናል።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 2

እትዬ መዲና ወደ ቤት አልመጡም። ሱቃቸው አስጠርተውኝ መዝጊያውን ገርበብ አደረጉት። አገልግሉ ከጨርቁ ጥቅል አጠገብ ተቀምጧል። ክዳኑን መክፈት አላስፈለገኝም።

«ሦስተኛው ነው፣ አካሉ።»

«አዎ።»

«ስሙን ስጠራ ጥበቃው ጓደኛውን አየው። ጓደኛው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተቀበሉኝ። ሌሎቹን እኮ ‹ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ› ነው የሚሏቸው። ያን የሰማች እናት እዚያው ቁጭ ትላለች። አትጮኽም፤ መጮኽ አይቻልም። እኔን ግን አታምጪ አላሉኝም። ምን ማለት ነው?»

«አላሉም እንግዲህ።»

«አላሉም» አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ከዛሬ በኋላ እኔ አልወስድም ልጄ። መንገዱን ፈርቼ አይደለም። ስመለስ የእናትህን ፊት ማየት ነው ያቃተኝ፤ ሲበራ። ጉልበቷን አሟታል በልልኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ጉልበታቸውን አሟቸዋል ብዬ ነገርኋት። እናቴ ወዲያው ቅቤ በጤና አዳም አሽታ ላከችላቸው።

ስለዚህ ሽርሽሩ አይቀርም። በሩ ላይ ስሙን የሚጠራ ከእኔ ሌላ የለም። የሆነውን አውቄ ለእሷ መንገር አለብኝ። ወይም አውቄ አለመንገር። ሁለተኛው ይቀናኛል።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ይለፍ የለም። «ይታያል።» ስንቅ የሚወስድም የለም፤ «ሱባኤ ላይ ያለ ሰው ስንቅ አይጠብቅም» ትላለች እናቴ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19፣ ጸሎተ ሐሙስ

ዘንድሮ ትንሣኤ እሑድ፣ የላብ አደሮች ቀን በማግሥቱ ሰኞ ነው። ሁለቱ በዓሎች በአንድ ጠባብ በር ላይ የተገናኙ እንግዶች መስለዋል፤ ማን ቀድሞ ይግባ? ክንዱ ወስኗል። ሰሞነ ሕማማቱን በሙሉ ስሰግድ ሳይሆን ስጽፍ ከረምሁ። ጎንበስ ብድግ ማለቱ ግን አልቀረም፤ ጨርቁ መሬት ላይ ነው የሚዘረጋ። ሰኞ ከሰልፉ በኋላ ይለፉን እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል።

እናቴ አክፍሎት ይዛለች። እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አይነካትም።

«እሱም ይይዛል» አለችኝ። «ሰዓቱን በልቤ እየቈጠርሁ ነው። አብረን እንፈስካለን፤ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ።»

ዛሬ ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ምን ብዬ? የማውቀው አንድ ጥበቃ መሬት ማየቱን ነው። መሬት ያየ ሁሉ መርዶ ነጋሪ ከሆነ አገሩ በሙሉ መርዶ ነጋሪ ነው።

ከንፈሯ ደርቋል። ውኃ ይዤ መጣሁና ለራሴ ጠጣሁት።


እሑድ፣ ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ

ዶሮ ታረደ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች፣ ለወጉ። የቀረውን ወጥ ለመንገድ እንዲሆን መረቁን አድርቃ ለየችው። «እሱ ፈስኮ ይሆን? ማን ዶሮ ሰጠው?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። ክንዱ በድምፅ ማጉያ የነገውን ሰልፍ ሰዓት ያስታውሳል።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 23

ሰልፉ አማረ። ጨርቄ ከሁሉም ይነበብ ነበር ይላሉ። እኔ ከሥሩ ቆሜ ስለነበር አላየሁትም፤ ጥላው ብቻ ነው የደረሰኝ።

ሁሉም ሲበተን ክንዱ ቢሮው ወሰደኝ። ማኅተሙን መታ። ወረቀቱን ሰጠኝና ጫፉን አልለቀቀውም።

«አካሉ። ግንቡን አይተህ ተመለስ። ሌላ በር ላይ እንዳትቆም።»

«ለምን?»

«ዕቅድህ ላይ የለማ።»

ፊቱን አየሁት። ያ አኮፋዳውን አብሮኝ የያዘው ልጅ ለአንድ አፍታ ብቅ አለና ተመለሰ። ወረቀቱን ለቀቀው።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 25፣ ጎንደር

አልቤርጎው እንደ ዝናው ነው።

ትናንት በእህል መኪና ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ በላይ ተቀምጬ መጣሁ። ወረታ ኬላ ላይ ፈታሹ ወረቀቴን አነበበ። «ዓላማ፣ ሽርሽር» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ፣ ሰው ሽርሽር ሲሄድ እዩ።» መጥተው አዩኝ። አንዱ አገልግሉን ከፍቶ አሸተተና ከነዶሮው መለሰልኝ። «መልካም ሽርሽር» አለኝ። ሁሉም ይስቃሉ፤ ክፉዎች አይመስሉም።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ተሰለፍሁ። ከፊቴም ከኋላዬም ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ነገር ተሸክመዋል። ተራዬ ደረሰ።

«ለማን ነው?»

«ለገብረ መስቀል ተክለ ጊዮርጊስ።»

«ምኑ ነህ?»

ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ጎብኚ ነህ ይላል።

«ወንድሙ ነኝ።»

ጥበቃው ልጅ ነው፤ ከገብረ መስቀል አይበልጥም። አገልግሉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

«ያቺ ሴትዮ አልመጣችም?»

«ጉልበቷን አሟታል።»

«ለሷ ማለት ከብዶኝ ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወንድሜ፣ ሂድ። ሰው ተሰልፏል።»

እውነቱን ነው። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ቦታዬን ያዘች።

ከዚያ ወዴት እሄዳለሁ? ዕቅድ አለኝ። የፊውዳሎቹን ግንብ ጎበኘሁ። ሰፊ ግቢ ነው፣ ጎብኚው እኔ ብቻ ነኝ። ከአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጬ አገልግሉን ከፈትሁ። እናቴ ባዶውን ትጠብቃለች። በላሁት። እግሩን፣ ዕንቁላሉን፣ ዳቦውን፣ ሁሉን። ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። አንድ ቦታ ላይ አልወርድ ሲለኝ ተነሥቼ ትንሽ ተራመድሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ። ጣዕሙን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ አላውቀውም።

የግቢው ዘበኛ መጡ፣ ሽማግሌ ናቸው።

«ከየት ነህ፣ ልጄ?»

«ከባሕር ዳር።»

«እንዴት አየኸው ግንቡን?»

«ጥሩ ነው፣ አባባ።»

«ብላ፣ ብላ። መንገደኛ መብላት አለበት» ብለው አለፉ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26፣ ባሕር ዳር

ደረስሁ። እናቴ በር ላይ ነበረች። አገልግሉን ተቀብላ በእጇ መዘነችው።

«በላ?»

«ባዶውን ይዤ መጣሁ።»

ቤት ገብታ ከፈተችው። አጥንቶቹን እዚያው ትቼአቸዋለሁ፤ ለማስመሰል መልካም መስሎኝ ነበር። አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ገብረ መስቀል አጥንት ሰባብሮ መቅኑን ሳይመጥ አይተውም፤ ከልጅነቱ እንዲያ ነው።

«ሳይሰብረው» አለች።

«ጥርሱን አሞት ይሆናል።»

«ይሆናል።»

አጥንቱን መልሳ አስቀመጠች።

«አንተስ፣ እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስሁም» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ቀሪውን ዶሮ አሙቃ አቀረበችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች። ብላ አለችኝ፤ በላሁ። እግሩን አነሣሁ፣ ግጬ ጨረስሁት፣ አጥንቱን እንደ ልማዴ ሳልሰብር ከትሪው ዳር አስቀመጥሁት።

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ውኃ አመጣችልኝና እጄን አስታጠበችኝ፣ ልጅ ሳለሁ ታደርገው እንደነበረው፣ ጣት በጣት።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 27

የመድኃኔዓለም ቀን ነው። እናቴ በማለዳ ለቤተ ክርስቲያን ተነሣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ለፀረ አብዮተኛ ማዘን ክልክል መሆኑን ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ከነገረን ወራት ሆኖታል፤ ስለዚህ ተሳስታ ነው የሚሆነው። ጨለማ ውስጥ ነው የለበሰችው። አርጅታለችም።

ላስተካክልላት እጄን ሰደድሁ።

«ተወው» አለችኝ።

አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ አየ፤ ፀሐይወርቅ ከበሯ ቆማ አየች፤ እትዬ መዲና ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አይተው ቁልፉን መልሰው ያዙ። የቀበሌው በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው፣ ደኅና ልጅ ነው፣ ተጠግቶ ቀስ ብሎ፣

«እማማ፣ ነጠላዎን ዘቅዝቀዋል» አላት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች። መንገዷን ቀጠለች።

ክንዱ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነበር። እሷን እስክታልፍ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ከሰዓት የሚጻፍ አለ። ጨርቁ መጥቷል።»

«አልመጣም» አልሁት።

«በምን ምክንያት ልበል?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አልሁት።